ማማዋን ወደ ጎን ያወጣናት መርከብ

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሳችን እንደ ልማዱ ሉማሜ ላይ ቆመ። መንገድ ላይ ከባድ ምግብ ስለማይስማማኝ ሻይና ዳቦ አዝዤ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ዜና ላይ ነበር። አንድ ግዙፍ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ቀይ ባሕርን ሰንጥቆ ሲሄድ ያሳያል። ከሰማይ የተነሣ ፊልም ስለሆነ ጀርባው ላይ የተደረደሩት አውሮፕላኖች፣ ወደ ግራ ዘወር ብሎ የተሠመረው የማረፊያ ሜዳ፣ ቀኝ ጠርዝ ላይ የቆመው ማማ አንድ በአንድ ይታያሉ። ዳቦዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

አጠገቤ ከተቀመጡት ወጣቶች አንዱ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ «ይሄን ለእኛ ምን ያሳዩናል? ባሕር የለን፣ መርከብ የለን። ኳሱን አድርጊልን እንጂ!» አለ። አስተናጋጇ ሪሞቱን አንሥታ ቀየረችው።

«መልሺው» አልኳት።

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ስለወጣ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቱ ደንግጣ መለሰችው። እውነቱን ለመናገር የተቆጣሁት በልጁ አልነበረም። እሱ ሳይወለድ ያንኑ ነገር፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል፣ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው ነበር፤ ያን ጊዜም አልተዋጠልኝም።

ደብረ ማርቆስ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ቁይ ገበያ ላይ ጨው፣ ሳሙናና ክብሪት የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ እኔ ለትምህርት ብዬ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር፣ ከየሺ ጋር። የሺ የክፍል ጓደኛዬ፣ የደብረ ኤልያስ መሪጌታ ልጅ ናት። እኔ የክርስቲያን ሥጋ አልበላ፣ እሷ የእስላም ሥጋ አትበላ፤ ያለችን ድስት ደግሞ አንዲት ብቻ። ስለዚህ ድስታችን ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ሆና ኖረች። ሽሮ፣ ድንች፣ ሲገኝ ጎመን። የሺ ክዳኑን በከፈተች ቁጥር፣ «ይቺ ድስት ከሁለታችንም ቀድማ ነው ገነት የምትገባ» ትል ነበር። ድንቹን ቀቅለን በአዋዜ እያጠቀስን ስንበላ ግን ማንንም ባለ ሥጋ አንቀናበትም ነበር፤ የማርቆስ ብርድ ደግሞ ትኩስ ድንች የተፈጠረለት ብርድ ነው።

ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በእርዳታ የመጣ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር፤ ስለ መርከብ አሠራር። አንድ ቀን ዝናብ አግዶኝ ስገልጠው አውሮፕላን ተሸካሚዎቹ ላይ ደረስኩና ዝናቡ አባርቶም አልተነሣሁም። የማረከኝ ትልቅነታቸው አይደለም። የማረከኝ ስንት ጊዜ እንደተበላሹ ነው። መጀመሪያ ተራ መርከብ ላይ ሳንቃ ረበረቡ፤ አውሮፕላኑ መነሣት ተነሣ፣ መመለሻ ግን አልነበረውም። ቀጥሎ ከላይ ያለውን ሁሉ አንሥተው ጀርባውን እንደ አውድማ ለጥ አደረጉት፤ አሁን ደግሞ የሚያርፈው አውሮፕላን ከፊት የቆሙትን እየሄደ ይገጫል። መንጠቆ አበጁ፣ ገመድ ዘረጉ፣ መረብ ወጠሩ። ሰው ሲሳሳት፣ ሲያፈርስ፣ እንደገና ሲሠራ በሥዕል ተደርድሮ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ የሚሰጠን ሁሉ አልቆ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ የመጣ ነበር፤ ማን ስንቴ እንደወደቀበት የሚነግረን የለም።

በዚያው ሰሞን የፊዚክስ መምህራችን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፣ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ለዓመቱ መጨረሻ ኤግዚቢሽን አንድ ነገር ሥሩ አሉን። ከፊዚክስ ማርካችን ትልቁ ክፍል ከዚያ ነው፤ ያልሠራ ይወድቃል፣ የወደቀ ክፍል ይደግማል። የእኔ ነገር ደግሞ የተለየ ነበር። አባቴ ማርቆስ ሲልከኝ፣ «አንድ ክፍል የደገምሽ ቀን ሱቁ ይጠብቅሻል» ብሎኝ ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ጉልበቱን ያመዋል፣ ረዳት የለውም፣ የቤት ኪራዬም ይከብደዋል። ቃሉን እንደማያጥፍ ግን አውቃለሁ።

እኔና የሺ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ልንሠራ ወሰንን። የዘይት ቆርቆሮ ለምነን አመጣን፤ የሠፈራችን ቆርቆሮ ሠሪ ቆራርጦ በየዳልን። ጀርባውን ከኮምፔንሳቶ አለበስነው፣ አውሮፕላኖቹን ከሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት አጠፍን፣ ማስፈንጠሪያውን ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠን ወጠርን። ማማውን ከሰርዲን ጣሳ ሠርተን፣ ኩራት በኩራት ሆነን፣ ትክክል መሐሉ ላይ አቆምነው።

ለምን መሐሉ ላይ? መጽሐፉ ውስጥ መርከቡን ከላይ የሚያሳየው ገጽ ተገንጥሏል፤ የቀረልን ከጎን የተነሣ ፎቶ ነው፤ ከጎን ሲያዩት ደግሞ ማማው ከመሐል የበቀለ ይመስላል። ጽሑፉን በመዝገበ ቃላት እየለቀምን ስናነብ ገና ግማሽ ላይ ነበርን። ግን ሰበብ አላበዛም፤ ጽሑፉን ብንጨርስም መጠየቃችንን እንጃ። የየሺ አባት ቤት ምሰሶው ከመሐል ነው። የደብራቸው ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ ከመሐል ነው። ጎጃም ውስጥ ከፍ ያለ ነገር የሚቆመው መሐል ላይ ነው፤ ጠርዝ ላይ ያቆሙት ይወድቃል። ይህን የነገረን የለም፤ ከቤት ይዘነው የመጣን ዕውቀት ነው።

ግንቦት ላይ ምክትል ርዕሰ መምህሩ የየቡድኑን ሥራ ሊያዩ መጡ። ኤግዚቢሽኑን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ ረጅም፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሰው። እኛ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። በጃንጥላው ጫፍ ማማውን ነካ አደረጉት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

«አውሮፕላኑ የት ላይ ነው የሚያርፈው? ወይስ እንደ ታቦት ይሄን ሦስት ጊዜ ይዞረዋል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ያን ጊዜ መርከቧን እንደ አዲስ አየኋትና ደሜ ወደ ፊቴ ወጣ። ትክክል ናቸው፤ ማማው የመንገዱ መሐል ላይ ተገትሯል። በዚያ ቢያበቁ ኖሮ አመስግኜ አስተካክለው ነበር። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

«ደግሞስ ባሕር የለን፣ መርከብ የለን። ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል? እናቶቻችሁ በጭስ ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሥሩ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባሕር ባሕር ማለትም ሌላ ነገር ያመጣል። ምድጃ ካልሆነ ጠረጴዛ የላችሁም፤ ጠረጴዛ ከሌለ ማርክ የለም።»

ወደቡ ከእጃችን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። የሚያዝነው ያዝናል፣ የሚፈራው ይፈራል፣ ባሕር ሲነሣ ግን ሁሉም ወሬ ይቀይራል። ፍርሃታቸው አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውዬው የሌለንን ነገር እንዳናስበው እየከለከሉን ነው።

«ምድጃ አንሠራም» አልኩ። የሺ እግሬን ረገጠችኝ።

ቤት ስንገባ ተጣላን። «ምነው ሸዋ! ምድጃ መሥራት ምን አለው? ጭቃ ነው፤ በአንድ ቀን ያልቃል» አለች። እውነቷን ነው። እናቴም ጭስ ያቃጥላታል፤ ምድጃ የሚንቅ ሰው አይደለሁም። «አንቺ ሥሪ፤ ሁለታችን አንድ ላይ አንውደቅ» አልኳት። ድንች መላጥ ጀመረች። ጥቂት ቆይታ ቢላዋውን ጣለችውና፣ «በታቦት ቀልዶብን ምድጃ ልሠራለት? አላደርገውም!» አለች። የመሪጌታ ልጅ መሆኗን ረስቼው ነበር። እኔ ባሕሩ ነው የቆጨኝ፣ እሷ ታቦቱ፤ እልኻችን ግን አንድ ሆነ።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ እኛን መዝገበ ቃላት አስዋጠን። የቀረውን ጽሑፍ ሌላ ሥራ ትተን ጨረስነው። ማማው ቀኝ ጠርዝ ላይ እንደሚቆም፣ የማረፊያው ሜዳም የሚያርፈው ከቆሙት ጋር እንዳይጋጭ ወደ ግራ ዘወር እንዲል መደረጉን አገኘን። ማማዋን ነቅለን ጠርዝ ላይ ተከልነው። መርከቧን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ብናስቀምጣት ወደ ቀኝ ጋደል አለች። ግራ ሆዷ ውስጥ ጠጠር ጨመርን፤ ቀና አለች፣ ግን እስከ አንገቷ ሰመጠች። ጠጠሩን ብናወጣ እንደገና ጋደለች።

ሳፋው ላይ ተደፍቼ እያየሁ የአባቴ አህዮች ትዝ አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጨው ሲጫን ሳይ ኖሬያለሁ። አንዱ ወገን ከከበደ ሌላውን ማክበድ አያስፈልግም፤ አህያዪቱን ትገድሏታላችሁ። ቀላሉን ጭነት ትንሽ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። መጽሐፉ ማረፊያው ወደ ግራ መዞር አለበት አላለም? እንግዲያው ሜዳው ከመርከቧ ግራ ጎን ወደ ውጭ ይውጣ! ሰፋ ያለ ኮምፔንሳቶ ቆርጠን ግራውን አረዘምነው። ሳፋው ላይ ስናስቀምጣት ትንሽ ተወዛወዘችና ቀጥ ብላ ቆመች። አንደኛው ችግር ሁለተኛውን ፈታው። መጽሐፉ ይህን ይበል አይበል አላውቅም፤ ገጹ የለም። የሺ እልል ብላ አከራያችንን አስደነገጠቻቸው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጥቂት ጊዜ ነው።

ኤግዚቢሽኑ ሊደርስ ሲል አባቴ ጨው ሊጭን ማርቆስ መጣና የኛን ቤት ጎበኘ። ነገር መደበቅ አላውቅበትም፤ ሁሉን ነገርኩት። መርከቧን ሳያነሣ ዞር ዞር ብሎ አያት።

«ምድጃውን ሠርተሽ እለፊ፣ ልጄ። ባሕር ለኛ ምናችን ነው?»

«አባ፣ የሚሸጡት ጨው ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከማርቆስ ነዋ።»

«ማርቆስስ ከየት አገኘው?»

«ከአዲስ አበባ።»

«አዲስ አበባስ?»

ወዴት እንደምወስደው ገባው። «ከባሕር» አለ፣ ጥርስ እንደሚነቅሉለት ሰው።

«ዕድሜዎን ሙሉ ለቁይ ሰው ባሕር እየሰፈሩ ሸጠው፣ እኔን ምናችን ነው ይሉኛል?»

አልሳቀም። ተነሥቶ ጋቢውን አስተካከለ። «ብትደግሚ ቃሌ ቃል ነው» አለ። «ይሁን» አልኩት። ከበር ላይ መለስ ብሎ በሶና ቆሎ የያዘውን ቋጠሮ አቀበለኝ፤ ከወትሮው ይልቅ ከበድ ያለ መሰለኝ።

ኤግዚቢሽኑ የተደረገው ሰኔ ገብቶ ክረምቱ ሲጀማምር ነው። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ ምድጃው በዓይነት በዓይነቱ ነው። ለእኛ ጠረጴዛ የለም። ከአዳራሹ ውጭ ግን ለአጥር ግንብ አፈር የተወሰደበት ሰፊ ጉድጓድ ነበር፤ የሰኔ ዝናብ ሞልቶታል። ውሃው ቡና የመሰለ ድፍርስ ነው፤ ባሕር ለመባል ያንሰዋል፣ ለእኛ ግን ይበቃናል። የጎማ ጫማችንን አውልቀን፣ ቀሚሳችንን ሰብስበን ገባንና መርከቧን አስቀመጥናት። ቀጥ ብላ ተንሳፈፈች።

መጀመሪያ ሁለት ሦስት ተማሪ መጣ። ቀጥሎ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ በመስኮት ማየት ጀመረ። ቀጥሎ አዳራሹ ባዶ ሆነ። ከትምህርት ቢሮ የመጡት እንግዳም ሰዉን ተከትለው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ፤ ምክትሉም ጃንጥላቸውን ዘርግተውላቸው ከኋላ።

«ጎበዝ፣ ጎበዝ» አሉ እንግዳው። «ግን ይሄ ለአካባቢያችን ምን ይጠቅማል? ባሕር እኮ የለንም።»

ምክትሉ «እንደነገርኳችሁ» በሚል ዓይን አዩኝ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ነኝ፤ የምፈራው ሁሉ እዚያ አፋፍ ላይ ቆሟል።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «እዚህ ትምህርት ቤት ስለ ጨረቃ ተምረናል፤ ተፈትነንም አልፈናል። ከመካከላችን ጨረቃ ላይ መሬት ያለው ማን ነው?»

ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ወደ ፊት እየገፋ መጣ። ግንቦት ላይ ሲስቅብን የነበረው ክፍል አሁን ከእኛ ጋር ሳቀ። ምክትሉ ብቻ አልሳቁም።

«ምላስሽ ረጅም ነው፣ አንቺ ልጅ» አሉ እንግዳው። ግን አልሄዱም። «በይ እስቲ አስነሺው።»

የመጀመሪያውን አውሮፕላን አስፈነጠርኩት፤ ሁለት ክንድ ሳይሄድ ውሃው ውስጥ ጠለቀ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሕዝቡ እያጉረመረመ መበተን ሲጀምር የሺ፣ «ነፋሱ ከኋላ ነው! አዙሪያት!» ብላ ጮኸች። ምርት የሚያዘራ ገበሬ ነፋስ እንደሚጠብቅ ሁሉ ይቺ መርከብም አውሮፕላን ስታስነሣ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለች፤ አንብበነው ድንጋጤው አስረስቶኝ ነው። አዞርናት። ንፋሱ ፊቴን መታኝ፣ ላስቲኩን ለቀቅኩት፣ ብልጭልጯ አውሮፕላን ቀና ብላ ከጃንጥላው በላይ፣ ከሰዉ ራስ በላይ አለፈችና ማዶ ሣሩ ላይ ወደቀች። የሺ እንደገና እልል አለች፤ ያን ቀን የሚደነግጥ አከራይ አልነበረም።

ጨምሬ አላወራም። አንድም አውሮፕላን ተመልሶ መርከባችን ላይ አላረፈም፤ መንጠቆው አልሠራልንም። ወደ ባሕር ዳር ለውድድር የሄደው ምድጃ ነው፣ ጥሩ ምድጃ ነበር። ምክትሉ እስክመረቅ ድረስ ሰላምታዬን አልመለሱልኝም። ማርክ ሲለጠፍ ግን ያ ዝምተኛ የፊዚክስ መምህራችን ማንንም ሳያማክሩ ለሁለታችንም ለማለፍ የምትበቃዋን ብቻ ሰጥተውን አገኘን። ትርፍ የላትም። አልደገምንም።

ለእረፍት ቁይ ስገባ ወሬው በአይሱዙ ቀድሞኝ ደርሷል። አባቴ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጨረቃ ላይ መሬት ያለው ማን ነው አልሽ አሉ?»

«አዎ፣ አባ።» ግሣጼ ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ።

«እኛ እንኳን ጨረቃ ላይ፣ እዚህም የለን» አለና ሳቀ። ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ዕንባውን ሳይጠርግ ወደ ገበያው መንገድ አየ። አባቴ ነጋዴ ነው፤ አባቱም አያቱም ነጋዴ ነበሩ፤ ሌላው ሲያርስ እነሱ ከገበያ ገበያ የዞሩት መዞር ወደው ብቻ አልነበረም፤ ድሮ እስላም ርስት አይሰጠውም ነበር። በዚያ አገር ተወልዶ መሬቱ ያንተ አይደለም ሲባል መኖር ምን እንደሆነ ያውቃል። ያን ቃል እኔ ጭቃው ውስጥ ቆሜ የፈጠርኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከእሱ ቤት ይዤው የሄድኩት ነው። ስለ ሱቁ ከዚያ ወዲህ አላነሣብኝም።

ሉማሜ ላይ ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ሰዉ ሒሳቡን እየከፈለ ወጣ። ያ ጥርሱን ይጎረጉር የነበረው ልጅ ግን አልተነሣም፤ እኔን ሲያይ ቆይቶ በትሕትና ጠጋ አለ።

«እናቴ፣ የባሕር ኃይል ነበሩ እንዴ?»

«የለም፤ የፊዚክስ መምህር ነኝ።»

«ባሕርስ አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን?» አልኩት።

ሰው የሌለውን ነገር ማወቅ የለበትም የሚለውን ሕግ ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ቢነግሩኝም አልቀበለውም። ልጁን ወንበር ስቤለት ማማው ለምን ጎን ላይ እንደቆመ፣ መርከቡም ለምን እንደማይጋደል አሳየው ጀመር። ጥሩንባው እንደገና ተነፋ። ሾፌሩ ይጠብቅ።